አንድ ፕሮሰሰር፣ መቶዎች ክሮች፦ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ እንዴት በዛ?

በ2002 መጀመሪያ ኢንቴል ለሰርቨሮች ያቀረበው ዚዮን የተሰኘ ፕሮሰሰር በአንድ ኮር ላይ ሁለት የትእዛዝ ሰልፎችን ጎን ለጎን ማስተናገድ በመቻሉ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በ2024 ኤኤምዲ ለገበያ ያቀረበው የኢፒክ ፕሮሰሰር ግን 384 ሰልፎችን በአንድ ጊዜ ይይዛል። ሁለት ፕሮሰሰሮች በሚገጠሙበት ሰርቨር ቁጥሩ 768 ይደርሳል።

እነዚህ ሰልፎች በሙያው ቋንቋ ‹ሃርድዌር ትሬድ› ይባላሉ፤ በአማርኛ ‹ክር› ሊባሉ ይችላሉ። አንድ ሰው በስልኩ የባንክ ሂሳቡን ሲመለከት፣ የአውሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ ወይም ቪዲዮ ሲከፍት ጥያቄው ሩቅ ቦታ ባለ ዳታ ማዕከል ውስጥ የሚስተናገደው ከእነዚህ ክሮች በአንዱ ላይ ነው።

ስለዚህም የክሮች መብዛት የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰርቨር ኪራይ ዋጋ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታ እና የደንበኞች ምስጢር ደኅንነት ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮር እና ክር ምንና ምን ናቸው?

ኮር የፕሮሰሰር የሥራ እጅ ነው፤ ትእዛዞችን ያነባል፣ ይደምራል፣ ያነጻጽራል። ክር ደግሞ ኮሩ የሚከተለው የትእዛዞች ተራ ነው። እያንዳንዱ ክር የት እንደደረሰና ምን ቁጥሮች በእጁ እንዳሉ የሚይዝበት የራሱ ትንሽ መዝገብ አለው። ቀድሞ አንድ ኮር የሚይዘው አንድ ክር ብቻ ነበር።

የዚያ አሠራር ድክመት በመጠበቅ የሚባክነው ጊዜ ነው። በ3 ጊጋኸርዝ ፍጥነት የሚሠራ ኮር በሰከንድ 3 ቢሊዮን ምት ይመታል። የሚፈልገው መረጃ አጠገቡ ካለው ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ከጠፋና ከዋናው ማኅደረ ትውስታ መምጣት ካለበት ግን አንድ መቶ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ሊጠብቅ ይችላል። ይህ ለሰው ልጅ ከምንም የማይቆጠር ቅጽበት ለኮሩ 300 የሚጠጉ ምቶች በከንቱ የሚያልፉበት ጊዜ ነው።

ነገሩን ከእንጀራ ጋገራ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። አንዲት ጋጋሪ በአንድ ምጣድ ብቻ ስትሠራ፣ ሊጡን አፍስሳ አክንባሎውን ከደፋች በኋላ እንጀራው እስኪበስል እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ሁለተኛ ምጣድ ከጎን ቢጣድላት ግን አንዱ ሲበስል በሌላው ላይ ታፈሳለች። ጋጋሪዋ ሁለት ሴት አልሆነችም፤ እጇም አልበዛም። የቀረው የመጠበቂያ ጊዜዋ ነው። በዚህ ምሳሌ ጋጋሪዋ ኮሩ ስትሆን ምጣዶቹ ክሮቹ ናቸው።

ምሳሌው የጥቅሙን ልክም ያሳያል። ሁለተኛ ምጣድ ምርቱን እጥፍ አያደርገውም፤ ሁለቱም ምጣዶች በአንድ ጊዜ እጇን የሚሹበት ወቅት ይኖራልና። ኢንቴል በ2002 ባወጣው ቴክኒካዊ ገለጻ መሠረት፣ ሁለተኛውን ክር ለመጨመር የቺፑ ስፋት ያደገው ከ5 በመቶ በታች ሲሆን፣ በአንዳንድ የሰርቨር ሥራዎች የተገኘው የአቅም ጭማሪ እስከ 30 በመቶ ነበር። በትንሽ ወጪ የተገኘ ጥሩ ትርፍ ነው፤ ሁለተኛ ኮር ግን አይደለም።

ከ1960ዎቹ የመጣ ሐሳብ

ሐሳቡ ከኢንቴል ይቀድማል። በ1964 ለገበያ በቀረበውና ሲሞር ክሬይ በነደፈው ሲዲሲ 6600 ኮምፒውተር ውስጥ፣ የመረጃ ማስገባትና ማስወጣት ሥራን የሚከውኑ 10 ረዳት ፕሮሰሰሮች አንድን የስሌት ክፍል በየተራ ይጋሩ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በርተን ስሚዝ የነደፈው ሄፕ የተሰኘ ኮምፒውተር የማኅደረ ትውስታን መዘግየት በብዙ ክሮች ለመሸፈን ሞክሯል።

የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች የሚከተሉት መንገድ በጉልህ የተነደፈው በ1995 ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዲን ታልሰን፣ ሱዛን ኤገርስ እና ሄንሪ ሌቪ፣ ክሮች የግድ ተራ መጠበቅ እንደሌለባቸው አሳዩ። በእነርሱ ሐሳብ መሠረት አንድ ኮር በአንዲት ምት ውስጥ ከተለያዩ ክሮች የመጡ ትእዛዞችን አደባልቆ ሊሠራ ይችላል።

ዲጂታል ኢኩፕመንት የተባለው ኩባንያ በአንድ ኮር አራት ክር የሚይዝ የአልፋ ፕሮሰሰር ለመሥራት አቅዶ ነበር። ሥራው ግን በ2001 ገበያ ሳይደርስ ተቋረጠ። በዓመቱ ኢንቴል ሐሳቡን ‹ሃይፐር ትሬዲንግ› በሚል የንግድ ስም ለብዙኃኑ አደረሰው።

ሙቀት የዘጋው መንገድ

እስከዚያ ድረስ ፕሮሰሰርን የማፍጠን ዋናው ዘዴ የምቱን ፍጥነት መጨመር ነበር። በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም 66 ሜጋኸርዝ ይደርስ ነበር። በ2004 መጨረሻ ፔንቲየም 4 ደግሞ 3.8 ጊጋኸርዝ ደረሰ። በ11 ዓመት ውስጥ ፍጥነቱ ከ50 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

ይህን ያስቻለው በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ የገለጹት ሕግ ነው። ትራንዚስተሮች ባነሱ ቁጥር የሚፈልጉት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ስፋት ላይ ብዙ ትራንዚስተር ቢደረደርም፣ ምቱም ቢፈጥን ሙቀቱ በዚያው ልክ አይጨምርም።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ይህ ሕግ መሥራት አቆመ። ትራንዚስተሮቹ እጅግ ከማነሳቸው የተነሳ ተዘግተው እንኳ ኤሌክትሪክ ያፈስሱ ጀመር፤ ቮልቴጁንም ከዚያ በላይ ዝቅ ማድረግ አስቸጋሪ ሆነ። ፍጥነት መጨመር ቺፑን ማጋል ማለት ሆነ። ኢንቴል በ2004 ሊያወጣው ያሰበውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘ።

ለውጡ ምን ያህል ሥር ነቀል እንደነበር ለመረዳት አንድ ንጽጽር ይበቃል። 384 ክሮች ያሉት የ2024ቱ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 2.25 ጊጋኸርዝ ነው፤ ከ20 ዓመት በፊት ከነበረው ፔንቲየም 4 ያነሰ። በእርግጥ የዛሬው ኮር በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ ከዚያ ዘመኑ እጅግ ይበልጣል። የምቱ ሩጫ ግን ቆሟል።

የትራንዚስተሮች ቁጥር ግን ማደጉን አላቆመም። መሐንዲሶች አንዱን ኮር ከማፍጠን ይልቅ ኮሮችን ማብዛት መረጡ። አይቢኤም በ2001 ፓወር4 በተሰኘው ፕሮሰሰር ሁለት ኮሮችን በአንድ ቺፕ ላይ አስቀምጦ ነበር። ኤኤምዲ እና ኢንቴል በ2005 ተከተሉት።

ናያጋራ፦ ብዙ ክር፣ ጥቂት ሙቀት

በዚሁ በ2005 ሰን ማይክሮሲስተምስ አልትራስፓርክ ቲ1 የተባለውን፣ በቅጽል ስሙ ‹ናያጋራ› የሚታወቀውን ፕሮሰሰር ይዞ ብቅ አለ። ስምንት ኮሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ኮር አራት ክር ይይዛል፤ በድምሩ 32። የሚፈጀው ኃይል ግን 72 ዋት ገደማ ብቻ ነበር።

ከሥራው ጀርባ ከነበሩት ሰዎች አንዱ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ትውልደ ናይጄሪያዊው ኩንሌ ኦሉኮቱን ነው። ኦሉኮቱን በዩኒቨርሲቲው ብዙ ኮሮችን በአንድ ቺፕ ላይ የማሰባሰብ ምርምርን መርቷል። በኋላም አፋራ ዌብሲስተምስ የተባለ ኩባንያ መሠረተ፤ ሰን በ2002 ገዛው። ‹አፋራ› በዮሩባ ቋንቋ ድልድይ ማለት ነው።

የናያጋራ ንድፍ መነሻ ቀላል ምልከታ ነው። የኢንተርኔት ሰርቨር ሥራ አንድ ትልቅ ስሌት ሳይሆን እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የብዙ ሺህ ሰዎች ትንንሽ ጥያቄዎች ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከአንድ ፈጣን ሯጭ ይልቅ በመጠነኛ ፍጥነት የሚራመዱ ብዙ ሠራተኞች ይሻላሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ኮር ንድፍ ሆን ተብሎ ቀለለ፤ ስምንቱም ኮሮች የአሥርዮሽ ስሌት የሚሠራውን ክፍል አንዱን ይጋሩ ነበር።

በ2007 ተከታዩ ፕሮሰሰር 64 ክር ያዘ፤ በ2010 የወጣው ደግሞ 128። ነገር ግን ብዛት ሁሉን አልፈታም። አንድን ከባድ ሥራ በፍጥነት መጨረስ ለሚፈልጉ ደንበኞች እያንዳንዱ ክር ዝግ ያለ ሆነባቸው። ሰንን የገዛው ኦራክል በ2011 ያወጣው ቲ4 ኮሮቹን ከ16 ወደ ስምንት፣ ክሮቹንም ከ128 ወደ 64 ቀንሶ እያንዳንዱን ኮር አጠነከረ። የክር ቁጥር ወደ ኋላ የተመለሰበት አስተማሪ ወቅት ነበር።

አይቢኤም በበኩሉ ጠንካራ ኮርን ከብዙ ክር ጋር ለማጣመር ሞከረ። በ2010 የወጣው ፓወር7 በስምንት ኮሮች 32 ክሮችን፣ በ2014 የወጣው ፓወር8 ደግሞ በ12 ኮሮች 96 ክሮችን ያዘ። በፓወር8 አንድ ኮር ብቻውን ስምንት ክር ያስተናግዳል።

ቺፑን የመቆራረጥ ዘዴ

በብዛት በሚሸጡት የኢንቴል እና የኤኤምዲ ሰርቨሮች ሁለቱም ኩባንያዎች በኮር ከሁለት ክር አላለፉም። ዕድገቱ የመጣው ከኮሮች ብዛት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የፋብሪካ ችግር ነበር። ቺፕ የሚታተምበት የሲሊከን ገበታ ላይ ጥቃቅን እንከኖች አይጠፉም። ቺፑ ሰፊ በሆነ ቁጥር እንከን የሚያርፍበት ዕድል ይጨምራል፤ የሚጣለውም ይበዛል። ስለዚህ ብዙ ኮሮችን በአንድ ግዙፍ ቺፕ ላይ ማተም ውድ ነው።

ኤኤምዲ በ2017 ባወጣው የመጀመሪያው ኢፒክ አራት ትንንሽ ቺፖችን በአንድ ማቀፊያ ውስጥ አገጣጠመ። እንዲህ ያሉት ቁራጮች ‹ቺፕሌት› ይባላሉ። ፕሮሰሰሩ 32 ኮሮችና 64 ክሮች ነበሩት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በ2019 ወደ 128፣ በ2022 ወደ 192፣ በ2023 ወደ 256፣ በ2024 ደግሞ ወደ 384 ክሮች አሻቀበ።

ኢንቴል በ2017 በ56 ክሮች ነበር የጀመረው። በ2023 ቁጥሩ 120፣ በ2024 ደግሞ 256 ደረሰ። እርሱም በመጨረሻ ወደ ቁርጥራጭ ቺፖች ዞሯል።

384 ክር፣ 384 እጥፍ አይደለም

የክር ብዛት ሁልጊዜ ፍጥነት አይሆንም። ምክንያቱን ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 አስረድቶታል። በማንኛውም ሥራ ውስጥ የግድ በቅደም ተከተል መሠራት ያለበት ክፍል አለ፤ ያንን ክፍል ምንም ያህል ሠራተኛ ቢጨመር ማፋጠን አይቻልም።

ለምሳሌ ከአንድ ፕሮግራም ሥራ 95 በመቶው ለብዙ ክሮች ሊከፋፈል የሚችል፣ 5 በመቶው ግን የማይከፋፈል ቢሆን፣ ክሮቹ ማለቂያ ባይኖራቸው እንኳ ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም። እያንዳንዱ ክር እንደ ሙሉ ሠራተኛ ቢቆጠር እንኳ በ384 ክሮች የሚገኘው 19 እጥፍ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ማነቆ ማኅደረ ትውስታ ነው። በ2017ቱ ኢፒክ 64 ክሮች ስምንት የማኅደረ ትውስታ መስመሮችን ይጋሩ ነበር፤ ለአንድ መስመር ስምንት ክር ይደርሳል። በ2024ቱ 384 ክሮች 12 መስመሮችን ይጋራሉ፤ ለአንድ መስመር 32 ክር ማለት ነው። የመስመሮቹ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ቢያድግም ለእያንዳንዱ ክር የሚደርሰው ድርሻ አንሷል። ምጣዱ በዝቶ ሊጡ የሚቀዳበት ጋን አንድ ሲሆን ወረፋው ከጋኑ ዘንድ ይሆናል።

ሦስተኛው ሶፍትዌሩ ራሱ ነው። ዊንዶውስ ክሮችን የሚቆጥረው እስከ 64 በሚደርሱ ቡድኖች ከፋፍሎ ነው። ቁጥሩ የመጣው 64 ቢት ካለው አንድ መዝገብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቢት ለአንድ ክር ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ቡድኖቹን ታሳቢ ሳያደርጉ የተጻፉ ፕሮግራሞች ትልቅ ሰርቨር ላይ ተጭነውም ከአንድ ቡድን ውጪ ያሉትን ክሮች አይጠቀሙም ነበር።

አንድ ማጀት የሚጋሩ ጎረቤቶች

ክሮች ኮርን ሲጋሩ ምስጢርንም ሊጋሩ ይችላሉ። ሁለቱ ክሮች ተመሳሳዩን ቅርብ ማኅደረ ትውስታና የስሌት ክፍል ስለሚጠቀሙ፣ አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ ከመዘግየቱና ከመፍጠኑ ሊገምት ይችላል። ተመራማሪው ኮሊን ፐርሲቫል በዚህ መንገድ የምስጢር ቁልፍ ሊሰረቅ እንደሚችል ያሳየው በ2005 ነበር።

ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ትኩረት ያገኘው ግን በ2018 ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ስፔክተር እና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ኦፕን ቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሁለተኛውን ክር ከመነሻው አጠፋው። ጥቂት ቆይቶ ፎርሻዶው የተባለው የኢንቴል ክፍተት ሲገለጥ ደግሞ በተለይ ክላውድ አቅራቢዎች ተጨነቁ፤ ሁለት የማይተዋወቁ ደንበኞች በአንድ ኮር ላይ ሊያርፉ ይችሉ ነበርና። በ2019 ተጨማሪ ክፍተቶች ሲገኙ ጉግል በክሮም ኦኤስ ሃይፐር ትሬዲንግን ዘጋ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለተኛውን ክር ማጥፋትና የአቅም ቅነሳውን መቀበል ነው። ሁለተኛው የአንድ ኮር ክሮች ለአንድ ደንበኛ ብቻ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። ሊነክስ ከ2021 ጀምሮ ይህን የሚያስችል አሠራር አካቷል።

ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

የክር ጉዳይ ተራውን ደንበኛ በቀጥታ የሚነካው በኪራይ ውል ላይ ነው። ክላውድ አቅራቢዎች የሚያከራዩት የስሌት መለኪያ ‹ቪሲፒዩ› ይባላል። ብዙዎች አንድ ቪሲፒዩ አንድ ኮር ይመስላቸዋል። በአማዞን ክላውድ ላይ ግን፣ በኢንቴል ፕሮሰሰር በሚሠሩት አብዛኞቹ ሰርቨሮች አንድ ቪሲፒዩ አንድ ክር ብቻ ነው። ኩባንያው ራሱ በነደፈው ግራቪተን ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ አንድ ቪሲፒዩ ሙሉ ኮር ነው።

ስለዚህ ‹አራት ቪሲፒዩ› የሚለው አንድ ቃል በአንዱ ሁለት ኮር፣ በሌላው አራት ኮር ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ ያለ፣ ከውጭ አቅራቢ ተከራይቶ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ድርጅት ዋጋን ከማነጻጸሩ በፊት ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው።

የሶፍትዌር ፈቃድም ተለውጧል። ቀድሞ ፈቃድ የሚሸጠው በፕሮሰሰር ቁጥር ነበር። ኮሮች ሲበዙ ሻጮቹ ገቢ እንዳያጡ ስሌቱን ቀየሩት። ማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፈቃዱን ከ2012ቱ ዕትም፣ ዊንዶውስ ሰርቨርን ደግሞ ከ2016ቱ ዕትም ጀምሮ በኮር ማስላት ጀመረ። ቪኤምዌር በ2020 አንድ ፈቃድ የሚሸፍነውን በ32 ኮር ገደበው። አንዳንዴ የሶፍትዌሩ ክፍያ ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል።

በኤሌክትሪክ በኩል ሥዕሉ ሁለት ገጽ አለው። የ2005ቱ ናያጋራ ለአንድ ክር ከ2 ዋት በላይ ይፈጅ ነበር። የ2024ቱ ባለ 384 ክር ፕሮሰሰር የኃይል መጠኑ 500 ዋት ሲሆን ለአንድ ክር 1.3 ዋት ገደማ ይደርሳል፤ ክሩም የሚሠራው ሥራ እጅግ ይበልጣል። አንድ አዲስ ሰርቨር በርካታ አሮጌዎችን ሊተካ ይችላል። በሌላ በኩል 500 ዋት በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ሲከማች ማቀዝቀዝ ይከብዳል፤ ያ ሰርቨር ሲቆምም የብዙ ደንበኞች ሥራ አብሮ ይቆማል።

ይህ ለምሥራቅ አፍሪካም የቅርብ ጉዳይ እየሆነ ነው። በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ የግል ዳታ ማዕከላት ተገንብተዋል። በ2024 ማይክሮሶፍት እና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶቹ ጂ42 በኬንያ ኦልካሪያ በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ ዳታ ማዕከል ለመገንባት የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አድርገዋል። ለእንዲህ ያሉ ማዕከላት በአንድ ዋት የሚሠራው ሥራ መጠን የመጀመሪያው የሂሳብ ጥያቄ ነው።

ቀጣዩ መንገድ

የክሮች ዕድገት አሁን መስቀለኛ መንገድ ላይ ደርሷል። አንዱ ወገን ‹ኮር ይብዛ፣ ክር ግን በኮር አንድ ይሁን› ይላል። አምፔር የተባለው ኩባንያ በ2021 ያቀረበው ፕሮሰሰር 128 ኮሮች ሲኖሩት እያንዳንዱ ኮር አንድ ክር ብቻ ይይዛል። ኢንቴልም በ2024 በዚሁ መንገድ 144 ትንንሽ ኮሮች ያሉት የሰርቨር ፕሮሰሰር አውጥቷል። በዚሁ ዓመት ለላፕቶፕና ለዴስክቶፕ ካቀረባቸው አዳዲስ ፕሮሰሰሮችም ሃይፐር ትሬዲንግን አስወግዷል። ኮሩ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ሲሆን ፍጥነቱ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ የመሰለል ሥጋቱም የቀነሰ ይሆናል።

ሌላው ወገን ሁለተኛው ክር በትንሽ ወጪ የሚገኝ ትርፍ በመሆኑ ሊጣል አይገባም ባይ ነው። ኤኤምዲ በትልልቅ ሰርቨሮቹ አልተወውም። ኢንቴልም በ2025 አሠራሩን መተዉ በሰርቨር ገበያ እንደጎዳው አምኖ እንደሚመልሰው አስታውቋል።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አለ። አንድን ኮር በማስሮጥ ብቻ የሚገኘው ዕድገት ዘመን አልፏል፤ ቀሪው ሥራ ጎን ለጎን የሚሠራ ሥራ ነው። ለገዢና ለተከራይ ደግሞ ትምህርቱ ግልጽ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የክር ብዛት የፕሮሰሰሩን አቅም ብቻውን አይናገርም። ኮሩ ስንት ነው፣ ማኅደረ ትውስታው ይበቃዋል ወይ፣ ሥራው ሊከፋፈል የሚችል ነው ወይ፣ ኮሩን ሌላ ሰው ይጋራዋል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ 384 የሚለው ቁጥር ትርጉሙ ጎደሎ ነው።